ክትባቱን ማን ያስገባ?

በ2021 ማርች መጨረሻ (ስለ ኢትዮጵያ ካልተናገርኩ በቀር እዚህ የምጠቅሰው ዘመን የአውሮፓውያኑ ነው) ናይሮቢ ውስጥ ሁለት ዓይነት የኮቪድ ክትባት ይገኝ ነበር። አንዱ በዓለም አቀፉ የክትባት ማዳረሻ ጥምረት በኮቫክስ በኩል የመጣው አስትራዜኔካ ነው። ወደ አገሪቱ የገባው ከአንድ ሚሊዮን ዶዝ ጥቂት ከፍ ይላል፤ የሚሰጠው በነጻ ሲሆን ቅድሚያ የተያዘውም ለጤና ባለሙያዎች፣ ለመምህራን፣ ለፖሊሶችና ለአረጋውያን ነበር። ሌላው አንድ የግል አስመጪ ያስገባው የሩሲያው ስፑትኒክ ቪ ነው። ይሄኛው በግል ክሊኒክ ለአንድ ዶዝ እስከ 8,000 ሽልንግ፣ በጊዜው ምንዛሪ ከ70 ዶላር በላይ፣ ለሚከፍል ሰው ይሰጥ ነበር። የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሰጥቶታል። ኤፕሪል 2 ላይ ግን የጤና ሚኒስትሩ ሙታሂ ካግዌ ክትባትን በግል ማስገባትም፣ ማከፋፈልም፣ መስጠትም መታገዱን አስታወቁ። ሐሰተኛ ክትባት ሊገባ ይችላል፤ ማን ምን እንዳስገባም መቆጣጠር አይቻልም የሚል ነበር ምክንያታቸው። አንዱ የመንግሥት እጅ የፈቀደውን ሌላው እጅ በሳምንታት ውስጥ ከለከለ።

በውሳኔው የተናደዱት ሰዎች ክርክር ቀላልና የሚያሳምን ነበር። መንግሥት ለሁሉም የሚበቃ ክትባት የለውም፤ ከፍሎ የሚከተብ ሰው ከነጻው ወረፋ ይወጣል፤ ወረፋው ያጥራል፤ ታዲያ ማን ተጎዳ? በዚያ ዓመት ይህ ጥያቄ ከካራቺ እስከ ጃካርታ፣ ከቤሩት እስከ ብራዚሊያ ተነሥቷል፤ መልሱም እንደየአገሩ ተለያይቷል። ዛሬ መልሶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ላያቸው ሰው ነገሩን የወሰነው አስመጪው ነጋዴ ወይም መንግሥት መሆኑ አይመስልም። የገባው ዶዝ በእርግጥ ተጨማሪ ነበር ወይስ ከሌላ ሰው ተራ የተወሰደ? እኔ ሁሉንም የምመዝነው በዚህ ነው።

ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል። በ2021 የመጀመሪያ አጋማሽ ግን የሰማዩ መንገድ የተከፈተው ዓምና ለከፈለ ብቻ ነበር። አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳና የአውሮፓ ኅብረት ክትባቱ ገና በሙከራ ላይ ሳለ በ2020 ተዋውለው የፋብሪካዎቹን ምርት ቀድመው ይዘዋል። ካናዳ ያዘዘችው ሕዝቧን ደጋግሞ ለመከተብ የሚበቃ ነበር። ዘግይቶ የመጣ ገዢ፣ መንግሥትም ይሁን ነጋዴ፣ ብር ስለጨመረ ፋብሪካው በሳምንት ውስጥ ምርት አይጨምርለትም፤ ባለው ላይ ይሻማል እንጂ። አስመጪዎች «የራሳችንን ገንዘብ ነው የምናወጣው» ሲሉ ይህን ይዘሉታል።

የሚዘለል ሌላም ነገር አለ። ሻጩ ለማን መሸጥ ይፈልጋል? ፋይዘር፣ ሞደርናና አስትራዜኔካ ያኔ የሚዋዋሉት በመሠረቱ ከመንግሥታትና ከኮቫክስ ጋር ነበር። ለድሃው አዝነው አይደለም። ክትባቶቹ የወጡት በድንገተኛ ጊዜ ፈቃድ በመሆኑ የትኛውም አምራች ወደፊት ለሚመጣ የጎንዮሽ ጉዳት ካሳ የመክፈል ዕዳ ውስጥ መግባት አልፈለገም። ስለዚህ ገዢው መንግሥት ካሳውን እኔ እሸከማለሁ ብሎ እንዲፈርም ይጠይቁ ነበር። ኮቫክስም ቢሆን በድጋፍ ክትባት ለሚያገኙ 92 አገሮች የካሳ ሥርዓት ማበጀት ግድ ሆኖበታል። እንዲህ ያለ ሰነድ ላይ አንድ አስመጪ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ለአምራቹ ዋስትና አይሆንም። እናም የግሉ ዘርፍ ይግባ አይግባ ተብሎ በብዙ አገር የተጧጧፈው ክርክር በተግባር ስለ ስፑትኒክ ቪና ስለ ቻይና ክትባቶች የተደረገ ክርክር ነው፤ ለነጋዴ ሊሸጡ የሚችሉት እነሱ ነበሩና። ስፑትኒክ በላንሴት መጽሔት የወጣው ውጤቱ 91.6 በመቶ መከላከል እንደሚችል ቢያሳይም በዚያ ዓመት ከዓለም ጤና ድርጅት የድንገተኛ ጊዜ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። የከፈለው ሰው የገዛው ክትባት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ የምስክር ወረቀቱ ግን በብዙ አገሮች ድንበር ላይ አይቆጠርለትም።

በሩን ወለል አድርጋ የከፈተችው ፓኪስታን ናት። በፌብሩዋሪ 2021 መንግሥት የግል አስመጪዎች ክትባት እንዲያስገቡ ፈቀደ፤ ከዋጋ ጣሪያም ነጻ አደረጋቸው። ትችቱ ሲበረታ ሐሳቡን ለውጦ ለሁለት ዶዝ ስፑትኒክ 8,449 ሩፒ ጣሪያ አስቀመጠ። በዚያ መሀል 50,000 ዶዝ ካራቺ ገብቷል። አስመጪው ኩባንያ በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ የሲንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱም ነገሩ እስኪለይ ሽያጩ እንዲቀጥል ፈቀደ። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ዶዝ 12,000 ሩፒ ገደማ ይሸጥ ጀመር፤ ወደ 80 ዶላር መሆኑ ነው። ሩሲያውያኑ አንዱን ዶዝ ከ10 ዶላር በታች እያሉ ሲያስተዋውቁት የነበረው ክትባት ነው ይህ። ተሰልፈው ከገዙት ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ የመንግሥቱ ወረፋ ገና አዛውንቶች ላይ ስለነበር የእነሱ ተራ አልደረሰም። ወረፋው ያጥራል የሚለው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ነው። በነጻው ወረፋ ፊት ለፊት የቆሙት የ70 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ከፍለው የወጡት ከኋላ የነበሩት ናቸው። ኋላ የቆመ ሰው ሲወጣ ፊተኛው አንድ እርምጃ እንኳ አይራመድም።

ሕንድ በዓለም ትልቁን የክትባት ፋብሪካ ይዛም ከዚህ ጣጣ አላመለጠችም። ከሜይ 1 ቀን ጀምሮ ከምርቱ ሩብ ያህሉን የግል ሆስፒታሎች እንዲገዙት ተፈቀደ፤ ለማዕከላዊው መንግሥት 150 ሩፒ ይሸጥ የነበረው ኮቪሺልድ፣ ማለትም እዚያው የሚመረተው አስትራዜኔካ፣ ለእነሱ 600 ሆነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ18 እስከ 44 ዓመት ያሉትን እንዲከፍሉ የሚያደርገውን ፖሊሲ ምክንያት የለሽ ሲል ነቀፈው፤ መንግሥትም በጁን አሻሻለው። የሃይድራባዱ ዶክተር ሬዲስ ኩባንያ ከሩሲያ ያስመጣው ስፑትኒክ በ995 ሩፒ ገበያ ቢወጣም የነጻው ክትባት አቅርቦት ሲሰፋ ፈላጊ አጣ።

ኢንዶኔዥያ ያደረገችው ከዚህ የተሻለ ነበር፤ ቢያንስ ሲጀመር። በሜይ አጋማሽ የተጀመረው ፕሮግራም አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው የቻይናውን ሲኖፋርም እንዲገዙ የሚፈቅድ ነው። ዋጋው ተቆርጧል፤ ለዶዙ 321,660 ሩፒያ፣ ለአገልግሎቱ 117,910። ሠራተኛው ሳንቲም አይከፍልም። ክትባቱ በነጻው ፕሮግራም ከሚሰጠው የተለየ ዓይነት እንዲሆን መደረጉ ደግሞ ብልህነት ነው፤ የመንግሥቱ ዶዝ በጓሮ በር ወጥቶ ቢሸጥ ወዲያው ይታወቃል። በጁላይ ግን የመንግሥቱ ኪሚያ ፋርማ መድኃኒት ቤቶች ለግለሰብ በ879,140 ሩፒያ ሁለቱን ዶዝ ሊሸጡ ነው ሲባል አገሩ ተንጫጫ። ዴልታ የተባለው የቫይረሱ ዝርያ በየቀኑ ሰው እየጨረሰ ሳለ የወጣ ማስታወቂያ ነበር። ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ በቀናት ውስጥ ሰረዙት። አሠሪ ሲከፍል ዝም ያለ ሕዝብ ግለሰብ ይክፈል ሲባል ለምን ጮኸ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። የፋብሪካ ሠራተኛ በነጻ ሲከተብ ድሃ ሰው ይደርሰዋል፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚለየው ግን ኪስ ብቻ ነው።

ሊባኖስን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ እህቶቻችን የሚሠሩባት አገር ናት። ባንኮቿ ወድቀው፣ ገንዘቧ ረክሶ፣ የቤሩት ወደብ ፈንድቶ ነበር። የፓርላማ አባላት ወረፋ ዘለው መከተባቸው ሲሰማ ለክትባቱ ገንዘብ የሰጠው የዓለም ባንክ ድጋፉን አቋርጣለሁ ብሎ አስጠነቀቀ። በማርች መጨረሻ አንድ የግል ኩባንያ 50,000 ዶዝ ስፑትኒክ አስገባ። ኪሱ ባዶ የሆነ መንግሥት ነጋዴውን ለመከልከል ምን ሞራል አለው? የለውም እላለሁ፤ የሊባኖስ ፈቃድ ከፓኪስታኑ ይልቅ የሚገባኝ ለዚህ ነው። ይሁንና የመንግሥቱም ሆነ የነጋዴው መንገድ የቤት ሠራተኛዋን እኩል አልደረሳትም። ከተከተቡት መካከል የውጭ ዜጎች ድርሻ ከቁጥራቸው እጅግ ያነሰ እንደነበር የመብት ድርጅቶች በዚያው ጸደይ አሳይተዋል። ፓስፖርቷ በማዳሟ መሳቢያ ያለ ሴት የግል ክሊኒክ መከፈቱ ምን ይጠቅማታል?

የሁሉንም ክርክር የሚያወሳስበው የታይዋን ታሪክ ነው፤ ነጋዴን በጅምላ የሚከስ ሰው ሊያነበው ይገባል። ታይዋን ከአንድ ዓመት በላይ በሽታውን ከደጇ ስትመልስ ቆይታ በሜይ 2021 ገባባት፤ በእጇ የነበረው ክትባት ደግሞ በጣም ጥቂት ነው። የጀርመኑ ባዮንቴክ በቻይናና በአካባቢው፣ ታይዋንን ጨምሮ፣ የማከፋፈሉን መብት የሰጠው ለሻንጋዩ ፎሱን ኩባንያ ነው። የታይፔ መንግሥት ከጀርመኖቹ ጋር በቀጥታ ሊዋዋል ከጫፍ ደርሶ ነገሩ ተበላሸ፤ ፕሬዚዳንት ጻይ ኢንግ ዌን ያበላሸችው ቻይና ናት አሉ፤ ቤጂንግ አስተባበለች። ታይፔ ከፎሱን ብትገዛ የቤጂንግን ባለቤትነት የተቀበለች ይመስልባታል፤ ባትገዛ ሕዝቧ ያልቃል። በጁን መንግሥት የቺፕ አምራቹ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ.ና የፎክስኮን መሥራች ቴሪ ጎው ያቋቋሙት የበጎ አድራጎት ድርጅት በስሙ እንዲደራደሩ ፈቀደ። በጁላይ 10 ሚሊዮን ዶዝ በ350 ሚሊዮን ዶላር ገዙ፤ ጹ ቺ የተባለው የቡድሂስት በጎ አድራጎት ድርጅት ሌላ 5 ሚሊዮን ጨመረ። ነጋዴው መንግሥት ሊያልፍበት ያልቻለውን በር አልፎ ገባ። ዶዙ ግን እግሩ መሬት እንደረገጠ ለመንግሥት ተለገሰ፤ ሴፕቴምበር 2 መድረስ ከጀመረው ውስጥ ቅድሚያ ያገኙት ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ተማሪዎች ናቸው። የቺፕ ሀብታሞች ከፈሉ፤ የሰፈር ልጆች ተከተቡ።

ፊሊፒንስም ወደዚህ የቀረበ መንገድ ይዛለች። ገና በኖቬምበር 2020 ከ30 በላይ ኩባንያዎች ተባብረው 2.6 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኔካ ለመግዛት ተዋዋሉ፤ መንግሥት ሦስተኛ ፈራሚ ነበር፤ ግማሹ ለመንግሥት ተሰጥቶ ግማሹ ለሠራተኞቻቸው ቀረ። በፌብሩዋሪ የወጣው ሕግ ይህንኑ አጸና፤ የግል ድርጅት መግዛት የሚችለው ከመንግሥት ጋር አብሮ ሲፈርም ብቻ ነው፤ ለጉዳት ካሳ የሚሆን 500 ሚሊዮን ፔሶም ተመደበ። ብራዚል በማርች 2021 ያወጣችው ሕግ ደግሞ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ወገኖች ተከትበው እስኪያልቁ ድረስ የግል ገዢ ያስገባውን በሙሉ፣ ከዚያ በኋላ ግማሹን ለሕዝብ ጤና ሥርዓቱ እንዲሰጥ ያዛል። ሕጉ ሲወጣ የግል ክሊኒኮቹ ጉጉት ቀዝቀዝ ማለቱ አይገርምም።

እስካሁን ያወራሁት ስለሚታወቅ አስመጪ ነው። ደላላ ሲገባበት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጋና በ2021 መጀመሪያ ክትባት ስታጣ የጤና ሚኒስቴሯ 3.4 ሚሊዮን ዶዝ ስፑትኒክ ለመግዛት የተዋዋለው ከአምራቹ ጋር አልነበረም፤ ከዱባይ ገዢ ቤተሰብ ከሆኑት ከሼክ አሕመድ ዳልሙክ አል ማክቱም ጋር ነው፤ ዋጋውም በዶዝ 19 ዶላር። ቪጂ የተባለው የኖርዌይ ጋዜጣ በጁን ጉዳዩን ሲያወጣው የአምራቹ ዋጋ 10 ዶላር ገደማ መሆኑ ታወቀ። የአክራ ፓርላማ ኮሚቴ አቋቁሞ መረመረ። ሚኒስትሩ ክዋኩ አጊየማን ማኑ ሰው እየሞተ ነበር፤ ያገኘሁትን መንገድ ያዝኩ በሚል መንፈስ ተከላከሉ፤ ይቅርታም ጠየቁ። ከ3.4 ሚሊዮኑ የገባው 20,000 ዶዝ ብቻ ነው፤ ውሉም ፈረሰ። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ገዢው መንግሥት ነው፤ ችግሩም አልቀረለትም። «መንግሥት ብቻ ይግዛ» የሚለው መፈክር ደላላውን ከጓዳ አያስወጣውም፤ ስሙን ከደረሰኙ ላይ ያጠፋው እንደሆነ ነው።

ባንግላዴሽ በተቃራኒው ስሙን በግልጽ ጽፋለች። ቤክሲምኮ የተባለው የአገሩ መድኃኒት አምራች በመካከል ሆኖ ከሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት 30 ሚሊዮን ዶዝ እንዲያመጣ ተዋዋለች፤ ለሴረም 4 ዶላር፣ ለቤክሲምኮ የማጓጓዣውን ጨምሮ 1 ዶላር። ከቤክሲምኮ ባለቤቶች አንዱ የዚያን ጊዜዋ ጠቅላይ ሚኒስትር አማካሪ መሆናቸው ያስነሣው ሐሜት ብዙ ነበር። 7 ሚሊዮን ዶዝ ገባ፤ ከዚያ ሕንድ በራሷ ወረርሽኝ ተይዛ መላክ አቆመች፤ ቀሪው ለወራት ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። በስምምነቱ አንድ ዶላር የተከፈለበት የነጋዴ ቅልጥፍና የሌላ አገር መንግሥትን ክልከላ የሚያስነሣ አልነበረም።

ስለ ሐሰተኛው ክትባት የኬንያው ሚኒስትር የካግዌ ስጋት ተረት አልነበረም። ኢንተርፖል በማርች 2021 እንዳስታወቀው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ 2,400 ያህል ዶዝ ሊሆን የሚችል ሐሰተኛ ክትባት ከመጋዘን ተይዟል፤ በኡጋንዳ በጁላይ ወደ 800 የሚሆኑ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው በአብዛኛው ውኃ እንደተወጉ መንግሥት ተናግሯል። ኡጋንዳ ውስጥ ክትባት በግል መሸጥ አልተፈቀደም ነበር። ክልከላውም እንደ ፈቃዱ ሁሉ አጭበርባሪ ይወልዳል፤ ክሊኒክ የሚጎበኝ ተቆጣጣሪ ከሌለ።

በአህጉራችን የግሉ ዘርፍ በእርግጥ የሠራው ሥራ የት እንዳለ ልናገር። አንዱ ገንዘብ ነው። ኤም.ቲ.ኤን. በጃንዋሪ 2021 ለአፍሪካ ኅብረት 25 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። የኅብረቱ ልዩ መልእክተኛ የነበሩት የዚምባብዌው የቴሌኮም ባለሀብት ስትራይቭ ማሲይዋ፣ አዲስ አበባ ከተቀመጠው የአፍሪካ በሽታ መከላከልና መቆጣጠሪያ ማዕከል ጋር ሆነው፣ ካይሮ ያለው አፍሬክሲምባንክ በ2 ቢሊዮን ዶላር ዋስ እንዲቆም አድርገው ከጆንሰን ኤንድ ጆንሰን 220 ሚሊዮን ዶዝ ተዋዋሉ። ዋጋው በዶዝ 7.50 ዶላር ነው፤ ሙሌቱ ደቡብ አፍሪካ በሚገኘው የአስፐን ፋብሪካ። አንድ ነጋዴ የነጋዴ ብልሃቱን ይዞ ለሕዝብ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ያም ሆኖ በማርች የተፈረመው ውል መድረስ የጀመረው በኦገስት ነው፤ በዚያው ወር እዚያው ፋብሪካ የሞላው ክትባት ወደ አውሮፓ ሲጫን መገኘቱ አህጉሩን አስቆጥቷል። ሌላው ማጓጓዝ ነው። የመንግሥት ንብረት የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዲሴምበር 2020 ከግሉ ኩባንያ ከአሊባባው ካይኒያው ጋር ከሼንዘን በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፍ የቅዝቃዜ ሰንሰለት መስመር ከፍቷል። ፋይዘር ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ፣ ስፑትኒክ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚፈልግበት ጊዜ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ከገዢው አያንስም።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኔካ በኮቫክስ በኩል ቦሌ የደረሰው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ክትባቱ መጋቢት 4 ቀን ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ልክ በዓመቱ። የጉዞ ምርመራውን የግል ላቦራቶሪዎች በክፍያ ሲሠሩ አይተናል፤ ሄፓታይተስ ቢን የመሳሰሉ ክትባቶችም በግል ክሊኒክ በክፍያ ይሰጣሉ። ስለዚህ ነጋዴው ለክትባት ሥራ እንግዳ አይደለም። የእኛ አገር ጥያቄ ግን አንድ የራሱ ቋጠሮ ነበረው፤ ዶላሩ። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ አስመጪ «የራሴን ገንዘብ» ሲል ብር ማለቱ ነው፤ የውጭ ምንዛሪውን ባንክ ተሰልፎ ኤልሲ ከፍቶ ነው የሚያገኘው፤ ለመድኃኒት ቅድሚያ ከሚሰጠው ከዚያው ካንድ ቋት። በዚህ አሠራር አንድ ነጋዴ ለከፋይ ደንበኞቹ ክትባት ቢያስመጣ ዶላሩ ከኢንሱሊንና ከካንሰር መድኃኒት ጋር ይሻማል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ከተለወጠ በኋላ ነገሩ ትንሽ ይቀየር ይሆናል፤ ዶላሩ ግን አሁንም የአገር ዶላር ነው። እውነተኛ ጭማሪ የሚሆነው ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ነው። ለዘይትና ለስኳር ፈቅደነው የነበረውን ፍራንኮ ቫሉታ (ያለ ባንክ ምንዛሪ ዕቃ ማስገባትን)፣ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ያለ ማኅበር ለክትባት ቢጠቀምበት፣ ዶዙም የታይዋኑን መንገድ ተከትሎ ወደ ጤና ጣቢያ ቢገባ፣ የምቃወምበት ምክንያት አይታየኝም።

እጥረቱ ደግሞ አልዘለቀም። በዲሴምበር 2021 ናይጄሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጊዜው ያለፈበት አስትራዜኔካ አቡጃ ላይ አስወገደች። በ2022 የፊሊፒንስ ኩባንያዎች የገዙት ክትባት ሳይሰጥ ጊዜው እያለፈ ነው ብለው ይጨነቁ ነበር። የግል አስመጪው ትርፍ የሚያገኝበት መስኮት ከጥቂት ወራት አይበልጥም፤ እነዚያ ወራት ደግሞ የክትባቱ ተራ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆንባቸው ናቸው። ብዙ አገር ሕጉን ያወጣው በእነዚያው ወራት ነው፤ አንዳንዱም ዕቃው ወደብ ላይ ቆሞ። የፓኪስታን ዋጋ ዕቃው ከገባ በኋላ ተቆረጠ፤ የኬንያ ክልከላ ሰው ከተከተበ በኋላ መጣ።

ስለዚህ የጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ወረርሽኝ በሌለበት በዚህ ጊዜ ቁርጥ ያለ ደንብ ያውጡ። በወረርሽኝ ጊዜ ክትባት ማስገባት የሚፈልግ የግል ድርጅት ከመንግሥት ጋር በሦስትዮሽ ውል ይፈርም፤ የአምራቹን ዋጋና የራሱን ድርሻ በይፋ ያስመዝግብ፤ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ሰዎች ተከትበው እስኪያልቁ ያስገባው ሁሉ ወደ ነጻው ወረፋ ይግባ። ከዚያ በኋላ ለሠራተኞቹ የሚገዛ አሠሪ ይግዛ፤ በመድኃኒት ቤት ለግለሰብ መሸጥ ግን የነጻው ክትባት በየወረዳው እስኪዳረስ ድረስ ይከልከል። የአስመጪዎች ማኅበርም ረቂቁ ሲወጣ ቅሬታውን ወዲያውኑ ያቅርብ፤ ዕቃው ቦሌ ከደረሰ በኋላ ፍርድ ቤት መሄድ የማንንም ሕይወት አላዳነም።